የአጥንት ሙጫችን ደረቁን ይይዛል፣ ሳላይን (የጨው ውኃ) ውስጥ ሲያድር ይለቃል። ምን አጠፋን?

የሐረጎዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከተፈጥሮ ጥሬ ዕቃ የተሰበረ አጥንት የሚያጣብቅ ሙጫ እየሞከርን ነው። ቦታው ኮምቦልቻ ነው፣ ሥራው ገና የጠረጴዛ ሙከራ ነው፣ ሰውም እንስሳም አልገባበትም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። 10 ግራም የከብት ጄላቲን (የመርጋት ጥንካሬው ብሉም 225) በ20 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 1 ግራም ታኒክ አሲድ፣ 5 ግራም በ900 ዲግሪ ለ3 ሰዓት የተቃጠለ የከብት አጥንት ዱቄት። ሁሉንም በአንድ ዕቃ በ60 ዲግሪ እናማስላለን። ከልኳንዳ የመጣ ቅልጥም ቀቅለን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን፣ በመጋዝ ቆርጠን 10 በ20 ሚሊ ሜትር በሆነ ገጽ አጣበቅነው። በማግስቱ 25 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ብናንጠለጥልበት ቻለ። እንዲሁ የተጣበቀ ሌላ ናሙና በ37 ዲግሪ ሳላይን ውስጥ ሲያድር ግን ጠዋት በራሱ ተለያይቶ ተገኘ። ሙጫው አንዱን አጥንት ራቁቱን ትቶ፣ ሌላው ላይ እንደ ራሰ አብሽ አብጦ ቀርቷል።

ሌላው ችግር ታኒክ አሲዱ ሲገባ ድብልቁ እንደ አይብ መቋጠሩ ነው። የግራር ሙጫ ብንጨምርበት ይሻል ይሆን? በቆላው በኩል ግራር ሞልቷል።

---

ቦርከና፦

አብሽሪ፣ ጄላቲን የነካ ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ ይቆማል።

የከብት ጄላቲን ጄሉ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀልጣል። ስለዚህ በሰውነት ሙቀት ብቻውን ፈሳሽ ነው። ጠረጴዛ ላይ «ጠነከረ» ያላችሁት መርጋቱንና መድረቁን ነው፤ ቅቤም ደሴ ላይ ይጠነክራል። በ37 ዲግሪ እንዲቆም ሰንሰለቶቹ እርስ በርሳቸው በኬሚካል መተሳሰር አለባቸው።

ታኒክ አሲዱ የገባው ለዚህ ነበር፣ ነገር ግን ሥራውን አልሠራም። ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) 3 አካባቢ ነው። በዚያ ፒኤች ጄላቲንን የሚይዘው በሃይድሮጅን ቦንድ ብቻ ነው፤ አይቡም ከዚያ የመጣ ነው። በቅጠልና በዛፍ ልጥ ቆዳ ሲለፋም ይኸው ነገር ይከሰታል። ዘላቂው ትስስር የሚመጣው ፒኤቹ ወደ 8 ከፍ ብሎ ኦክስጅን ሲያገኘው ነው። ያን ጊዜ ወደ ኪኖን ይለወጥና ከጄላቲኑ አሚኖች ጋር ይጋጠማል። ማዕበል እየመታው ድንጋይ የማይለቀው ሙሰል የተባለው የባሕር ዛጎል የሚጠቀመው ዘዴ የዚሁ ዘመድ ነው። ኸርበርት ዌይት በ1981 እ.ኤ.አ. በሙሰሉ የማጣበቂያ ፕሮቲን ውስጥ ዶፓ የተባለውን አሚኖ አሲድ አሳይቶ ነበር። ታኒክ አሲድ በርካሽ የሚገኝ ምትኩ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ አመዱ። ፒኤቹን ለክታችኋል? በ900 ዲግሪ ሲቃጠል አጥንቱ ውስጥ ያለው ካርቦኔት ይፈርስና ጥቂት ኖራ ይተዋል። ድብልቃችሁ በአንድ በኩል አሲድ፣ በሌላ በኩል ኖራ ነው። ኖራው የነካው ጄላቲን ቶሎ ይጨማደዳል፣ ያልነካው ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው ሙጫችሁ እዚህ ጠንካራ፣ እዚያ ተልባ የሚሆነው።

እንዲህ አድርጊው፦

አመዱን ፈጭተሽ ከ100 ማይክሮን በታች ንፊው። 10 ግራሙን በ100 ሚሊ ሊትር ትኩስ የተጣራ ውኃ አማስለሽ፣ አስቀምጠሽ፣ ውኃውን ድፊ። የውኃው ፒኤች ከ8.5 በታች እስኪወርድ ደጋግሚው፣ ከዚያ በ105 ዲግሪ አድርቂው። ውስጡ ግራጫ ከሆነ ካርቦን ቀርቶበታል፣ ተመልሶ ምድጃ ይገባል።

ጄላቲኑን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ 30 ደቂቃ አርሺው። ከዚያ ክዳን አድርገሽ በ50 ዲግሪ የውኃ መታጠቢያ አሟሚው። በ60 ዲግሪ ለሰዓታት ማቆየት ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል፤ ትላንት የተሠራ ሙጫ ዛሬ እየሞቀ የሚቀጥነው ለዚያ ነው።

ታኒክ አሲዱን ለብቻው በ5 ሚሊ ሊትር ውኃ አሟሚ፣ 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (40 ግራም በሊትር) በጠብታ እየጨመርሽ ፒኤቹን ወደ 7 አምጪው። ወዲያው መጥቆር ይጀምራል፣ ስለዚህ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተጠቀሚበት። ወደ ጄላቲኑ የሚገባው በቀጭኑ፣ እያማሰልሽ ነው። አሁንም ከቋጠረ መጠኑን ወደ 0.5 ግራም አውርጂ። ፒኤቹን 8 ላይ የምታደርሽው መጨረሻ ላይ፣ ልትቀቢ ስትይ ነው። በቤኪንግ ሶዳ ማድረስም ይቻላል፣ ነገር ግን ጋዙ ሙጫው ውስጥ አረፋ ሆኖ ይቀራል፣ አረፋው ደግሞ የስብራት መነሻ ነው።

አመዱ የመጨረሻው ነው። ውፍረቱ እንደ ወፍራም እርጎ ይሁን። እንደ ሊጥ ከሆነ አጥንቱን አያርሰውም።

ይህም ሆኖ ብዙ አትጠብቂ። ከጄላቲን 100 አሚኖ አሲዶች ውስጥ ይህን አሚን የሚሸከመው ላይሲን 3 ገደማ ብቻ ስለሆነ መያዣ ቦታው ጥቂት ነው። ሁለተኛ አሳሳሪ ካስፈለገ የድንች ስታርች በሶዲየም ፐርአዮዴት ማኦክሰድ ነው። ለ10 ግራም ስታርች 4 ግራም ፐርአዮዴት ሲገባ ከግሉኮስ ክፍሎቹ 30 በመቶ ያህሉን ይከፍታል። በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ጨለማ ውስጥ፣ በክፍል ሙቀት እየተማሰለ ይደር፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ መታጠብ። ለ10 ግራም ጄላቲን ከ0.5 ግራም ጀምሪ። ስታርቹ ሲከፈት የሚፈጠረው አልዲሃይድ ሲበዛ ሴል ይገድላል። ግሉታራልዲሃይድ ግን አታስጠጊ፤ ጥሩ ይይዛል፣ ጥሩ ይመርዛል።

ስለ ግራር፦ ጉም አረቢክ የሚሰጠው ሁሉም ግራር አይደለም፣ ዋናው አካሺያ ሴኔጋል ነው። እንዲሁ ከተጨመረ ውኃ ውስጥ ሟምቶ ይሄዳል። ግን አንድ ደስ የሚል ጠባይ አለው። 1 በመቶ ጄላቲንና 1 በመቶ ጉም አረቢክ በ40 ዲግሪ ቀላቅለሽ በአሴቲክ አሲድ ፒኤቹን ወደ 4 ብታወርጂ ድብልቁ እንደ ወተት ይነጣና ወፍራም ፈሳሽ ከታች ይዘቅጣል። ይህ ኮአሰርቬት ይባላል። ውኃ ውስጥ ሆኖም አይበተንም። አሸዋ አጣብቆ ቤት የሚሠራው የባሕር ትል ሙጫውን የሚያወጣው በዚህ መርሕ ነው ተብሎ ይታሰባል። እርጥብ አጥንት ላይ ሙጫ ለማድረስ የሚጠቅም ጠባይ ነው፤ ማጠንከሩ ግን ሌላ ሥራ ነው።

---

ጦሳ ማዶ፦

ኬሚስትሪው ላይ ከቦርከና ጋር ነኝ። ጥፋቱ ግማሹ ግን ናሙናው ላይ ነው። የተቀቀለና ፀሐይ የመታው አጥንት ለዚህ ሥራ አጥንት አይደለም። ሲቀቀል የራሱ ኮላጅን ወደ ጄላቲን ይለወጣል፣ የመቅኒው ስብ ወጥቶ ገጹን ይቀባዋል። ሲደርቅ ደግሞ የሙጫውን ውኃ ይመጥና እንደ ደረቅ እንጨት ይይዛል። ሐኪም የሚያገኘው አጥንት ግን እርጥብ፣ ሞቃትና ደም የነካው ነው። 26 ኪሎ (ጀሪካኑን ጨምሮ) በ200 ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 1.3 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። የአናጢ የቆዳ ሙጫ ደረቅ እንጨት ላይ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይይዛል። እና ደረቁም ቢሆን ያን ያህል አልያዘም።

ናሙናው፦ በታረደበት ዕለት የበሬ ቅልጥም መካከለኛውን፣ ጥቅጥቁን ክፍል ውሰጂ። ሥጋውንና ስስ ሽፋኑን በቢላ ጥረጊ። በብረት መጋዝ ውኃ እያንጠባጠብሽ ቁረጪ፤ የተቃጠለ ጠጉር ከሸተተሽ ገጹ ተበላሽቷል። 40 በ10 በ4 ሚሊ ሜትር ዝንጣፊ ይበቃል። በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውኃ ውስጥ ፈግፊው፣ በቀጭን የሳሙና ውኃ በብሩሽ ስቡን አውጪ፣ በሳላይን አጥቢ። አልኮል አትጠቀሚ፣ ያደርቀዋል። በሳላይን በራሰ ጎዝ ጠቅልለሽ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አስቀምጪ። አንዴ ብቻ ይሟሟ፣ ተመልሶ አይቀዝቅዝ።

ስትቀቢው ገጹ እርጥብ ግን የማይንጠባጠብ ይሁን። የሙጫው ውፍረት ከ0.2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ ግማሽ ኪሎ ጫኚበት። ወፍራም ሙጫ ሁልጊዜ ይሸነፋል።

መጎተቻ ማሽኑ ወረፋ ካለበት ጀሪካኑ ጥሩ ማሽን ነው፣ አጠቃቀሙ ግን ይስተካከል። መደራረቢያውን 10 በ10 አድርጊው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሊትር 9.8 ኒውተን፣ ማለትም 0.1 ሜጋፓስካል ገደማ ይሆንልሻል፣ ሒሳብ የለም። ባዶውን ጀሪካን መዝነሽ አንጠልጥይ፣ በቀጭን ቱቦ በደቂቃ 1 ሊትር ሙይ፣ ሲወድቅ የሚያርፍበት አሸዋ ከሥር ይኑር። ሁለቱ ዝንጣፊዎች በውፍረታቸው ልክ ስለሚዛነፉ ሲጎተቱ ይጣመማሉ፤ ያን ጊዜ የምትለኪው መንሸራተትን ሳይሆን መላጥን ነው። በየጫፉ የ4 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ደርበሽ የጉተታው መስመር በሙጫው መሐል እንዲያልፍ አድርጊ።

ጊዜው 1 ሰዓት፣ 24 ሰዓት፣ 7 ቀን፣ 28 ቀን፤ ሁሉም በ37 ዲግሪ ሳላይን ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ ቢያንስ 8 ናሙና። ከተለያየ በኋላ ገጹን እዪ። ሙጫው ሁለቱም ላይ ተቀዶ ከቀረ ደካማው ሙጫው ነው። የእናንተ እንደሆነው አንዱ አጥንት ራቁቱን ከቀረ ደካማው መያዣው ነው፣ ሙጫውን ማጠንከር ብቻ አይረዳችሁም። 2 በመቶ ታኒክ አሲድ ገጹ ላይ ቀብታችሁ 2 ደቂቃ ቆይታችሁ፣ ጠርጋችሁ ከዚያ ሙጫውን ሞክሩ። የአጥንቱን ካልሲየም የሚጨብጠው እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ይህ ነው። ጄላቲን በ37 ዲግሪ ለባክቴሪያ ድግስ ነው። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሳላይኑ ከደፈረሰና ከሸተተ የለካሽው ሙጫውን ሳይሆን ብስባሹን ነው፣ ውጤቱን ጣይው። 0.2 ግራም ሶዲየም አዛይድ በሊትር ይበቃል። መርዝ ነው፤ አሲድ አያግኘው፣ የብረት ቱቦ ባለው ማጠቢያ አይደፋ፣ ያ ናሙናም ወደ ሴል ሙከራ አይሂድ።

---

የሐረጎዋ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ፒኤቹን ጭራሽ አልለካንም ነበር። ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። ጄላቲኑን ከመግዛት ከዚሁ ማውጣት ይቻላል ወይ? ከቆዳ ፋብሪካ ተረፈ ምርትም፣ ከሐይቅ የዓሣ ቅርፊትም አስበናል። ሁለተኛ፣ ደሴ ያሉ ባልደረቦቻችን በ15 ፒኤስአይ ግፊት አውቶክሌቭ ሊያደርጉልን (በእንፋሎት ሊያመክኑልን) ይፈልጋሉ። ይሆናል?

---

ሎጎ ዳር፦

ከቆዳ ፋብሪካ የምትወስጂው ክሮም ከመግባቱ በፊት ያለውን፣ ኖራ ቤት ላይ የሚቆረጠውን ጥሬ ብቻ ነው። ሰማያዊ የሆነ ሁሉ ክሮም ነው፣ አትንኪው። ኖራው በደንብ መታጠብ አለበት።

የሐይቅ ቆሮሶ ቅርፊት ንጹሕ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ኮላጅኑም ሃይድሮክሲአፓታይቱም (የአጥንት ማዕድን) በአንድ ላይ ያሉበት ነው። ዓሣ አጽጂዎቹ የሚጥሉት ነው፣ ግን በዚያው ቀን ውሰጂና በጨው ወይም በበረዶ አቆዪ። 100 ግራም ቅርፊት በ1 ሊትር 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (4 ግራም) ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ሌላውን ፕሮቲን ያወጣል። እስኪጠራ ታጥቦ በ0.4 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 90 ደቂቃ ይቆይ። የዚህ ልኩ ከ37 በመቶው 33 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ነው፤ አሲዱ ወደ ውኃ እንጂ ውኃው ወደ አሲድ አይገባም። ቅርፊቱ እንደ ላስቲክ ሲለሰልስ ማዕድኑ ወጥቷል። ታጥቦ በ65 ዲግሪ ውኃ 4 ሰዓት፣ በጨርቅ አጥልለሽ ስስ አድርገሽ ከ40 ዲግሪ በታች አድርቂው። ውኃው ከፈላ የምታገኚው ሾርባ ነው። አሲዱ ከረዘመ ደግሞ ኮላጅኑ ራሱ ይሄዳል፣ ምርቱም ይቀንሳል።

ጉዳቱን ልንገርሽ። የዓሣ ጄላቲን ከከብቱም ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል፣ ስለዚህ ቦርከና ያለው ትስስር ለሱ ይብስበታል። ጥቅሙ ክፍል ሙቀት ላይ ቶሎ አለመርጋቱ ነው፣ ለመቀባት ጊዜ ይሰጥሻል። የሚገዛ ከሆነም ምንጩን አጣሪ፤ የአሳማ ጄላቲን ገበያው ላይ ብዙ ነው፣ ወሎ ላይ ይዘሽው ስትመጪ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይቀበልሽም።

አንዳንድ ሰው ጄላቲኑ እንዳይረጋ ዩሪያ ይጨምርበታል፤ ይሠራል፣ ነገር ግን የማዳበሪያው ዩሪያ ለዚህ አይሆንም።

---

አዝዋ፦

አውቶክሌቩን እኔ ልመልስ። ለማምከን የሚፈለገው 121 ዲግሪ የሚገኘው በ205 ኪሎፓስካል ፍጹም ግፊት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 75 ገደማ ነው፣ ውኃም ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ስለዚህ 15 ፒኤስአይ የሚያነብ ጌጅ እዚያ የሚሰጣችሁ ወደ 117 ዲግሪ ነው። ደሴ ላይ 19፣ ኮምቦልቻ ላይ 18 ፒኤስአይ ያስፈልጋል፤ ዕቃው ያን መቻሉን መጀመሪያ አረጋግጡ፣ ካልቻለ ጊዜውን አርዝሙ። ለማንኛውም ጄላቲን በ121 ዲግሪ ይሰባበራል። አመዱን ደረቅ ሙቀት በ160 ዲግሪ 2 ሰዓት፣ ታኒክ አሲዱን በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ፣ ጄላቲኑን ደግሞ በጋማ ጨረር የተመከነ ገዝቶ መጠቀም ይሻላል።

በሕክምናው በኩል ያለውን ልጨምር። ይህ ሙጫ ለጭንና ለቅልጥም ስብራት አይታሰብ። ሰው ሲራመድ ዳሌው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ 2 እስከ 3 እጥፍ ነው፤ እዚያ ፕሌት ወይም ሮድ ነው ሥራው። የሚጠቅመው ብሎን የማይዙ ትንንሽ ስባሪዎች ላይ ነው፦ የመገጣጠሚያ ገጽ ፍርፋሪ፣ የፊት አጥንት፣ የራስ ቅል ክዳን።

ገጹን ሁሉ በሙጫ መሸፈን ደግሞ ስህተት ነው። አጥንት የሚድነው በስብራቱ መሐል ደም ረግቶ፣ የደም ሥር አልፎ፣ አዲስ አጥንት ሲሻገር ነው። የማይበሰብስ ሙሉ ሽፋን ግድግዳ ነው። በነጠብጣብ ይቀባ፣ ወይም ከ100 ማይክሮን በላይ ቀዳዳ ይኑረው፣ በሳምንታትም እየሟሟ ይሂድ። በዚህ ዓይን ውኃ ውስጥ መሟሟቱ ራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ በአንድ ሌሊት መሆኑ ነው። እርጥቡ ሙከራ ሲሳካ በደም ሞክሩት። ደሙ እንዳይረጋ ሲትሬት ስትጨምሩ ሲትሬቱ ካልሲየም እንደሚይዝ አስቡ፣ ያለ ሲትሬትም አንድ ምድብ ይኑር።

ከዚያ የሴል ሙከራ አይኤስኦ 10993 ክፍል 5፣ ከዚያ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ከዚያ እንስሳ። ሰው ዘንድ ከመድረሱ በፊት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ። ለወጌሻ «እስቲ ሞክረው» ብሎ መስጠት ፈጽሞ አይሆንም። ቆዳ ላይ ቢቀባ አጥንቱ ጋ አይደርስም፣ ክፍት ቁስል ውስጥ ቢገባ ያልመከነ ፕሮቲን ነው።

---

ጦሳ ማዶ፦

ጄላቲኑ ላይ ይህን ሁሉ ከምንደክም ፎስፎሰሪን (ፎስፌት የተሸከመ አሚኖ አሲድ) ከካልሲየም ፎስፌት ጋር አይሻልም? ውኃ ውስጥ በደቂቃዎች ይጠነክራል፣ አያያዙም ሌላ ደረጃ ነው።

---

ቦርከና፦

ይሻላል፣ አልክድም። ግን የትኛው ካልሲየም ፎስፌት? ቴትራካልሲየም ፎስፌት 1,500 ዲግሪ አካባቢ ተቃጥሎ በፍጥነት መቀዝቀዝ አለበት፣ በላቦራቶሪ ያለው የማፍል ምድጃ ግን 1,200 ላይ ያቆማል። አልፋ ትራይካልሲየም ፎስፌት ከ1,125 ዲግሪ በላይ ይሠራል ይባላል፤ የአጥንት አመድ ግን ማግኒዥየም አለበት፣ ማግኒዥየም ደግሞ ቤታ የተባለውን ሌላውን መልኩን ያጸናዋል። ከከብት አጥንት ተነስተሽ ያለ ኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የክሪስታል ምርመራ) «አልፋ ነው» ማለት አይቻልም። ንጹሑን ካልሲየም ካርቦኔትና ፎስፌት ገዝቶ መነሳት ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ፕሮጀክት ነው።

---

የሐረጎዋ፦

አመዱን ዛሬ አጠብነው። የመጀመሪያው ውኃ ፒኤች 11.6፣ ሁለተኛው 10.4፣ ሦስተኛው 9.5፣ አራተኛው 9.3። ከዚያ አልወርድ አለ።

---

ቦርከና፦

ኖራው ዱቄቱ ውስጥ ታስሯል፣ ገና አልደቀቀም። መልሰሽ ፍጪውና አንዴ እጠቢ። ካልወረደ የሚቀጥለውን አጥንት በ750 ዲግሪ 6 ሰዓት አቃጥይ፤ ነጭ ይሆናል፣ ኖራውም ያንሳል። የታጠበውን ደግሞ ክፍት አትተይው፣ ከማድረቂያው እንደወጣ በጠርሙስ ክደኚው።